ዓይን ወደ ላይ ሲሰቀል፦ የሥነ አእምሮ መድኃኒቶች ስለሚያስከትሉት አንድ የጎንዮሽ ጉዳት

(በጎንደር ለጤና ባለሙያዎች፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ትምህርት፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጠባብ ጉዳይ ነው። ለሥነ አእምሮ ሕመም የምንሰጣቸው አንዳንድ መድኃኒቶች የታማሚውን ዓይን ያለ ፈቃዱ ወደ ላይ ይሰቅሉታል። ሕክምናው ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ መርፌ ይበቃዋል። ታዲያ እንዲህ ላለ ነገር አንድ ምሽት ሙሉ ለምን ይሰጠዋል ትሉ ይሆናል። ምክንያቴን በአንድ ታሪክ ልጀምር። የታማሚው ማንነት እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ለውጬዋለሁ፤ ሆስፒታሉንም አልጠቅስም። ስሕተቱ ግን የራሴ ስለሆነ እርሱን አልሸሽግም።

ሦስተኛው ሌሊት

ገና ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ አንድ የሃያ ዓመት ገደማ ወጣት እናቱና አጎቱ ከወገራ ደጋ ይዘውት መጡ። ለወራት እንቅልፍ አጥቷል፤ ሌላው ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዋል፤ ጎረቤቶቹ ሊገድሉት እንደሚዶልቱ ያምናል። ሃሎፔሪዶል በመርፌ ሰጠነው። ተኛ፤ በማግስቱም ረጋ ብሎ ነቃ። ክኒን አስይዘን «በወሩ ተመለሱ» ብለን ሸኘናቸው። እናቱ መርቀውኝ ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ማታ፣ ራት ላይ ሳሉ፣ የልጁ ዓይኖች ቀስ በቀስ ወደ ጣራው ተሳቡ። ብሌኑ ወደ ላይ ተሸሽጎ ነጩ ብቻ ቀረ። አንገቱ ወደ ኋላ ተቆለመመ፤ አፉ ተከፈተ፤ ምላሱ ተሳሰረ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ የሚጥል በሽታ ነው ብሎ ክብሪት ጭሮ አሸተተው። ሌላው «ለክፎታል» አለ። አንዲት ባልቴት ነፍሱ እየወጣች ነው ብለው ማልቀስ ጀመሩ። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጠበል ወሰዱት። ሊነጋጋ ሲል ዓይኖቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ቤተሰቡ ከዚህ የወሰደው ትምህርት ግልጽ ነበር፦ መርፌው በልጁ ላይ ያለውን መንፈስ አስቆጣው፤ ጠበሉ አዳነው። ክኒኑም ገደል ገባ። ልጁን ዳግመኛ ያየሁት ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ በሁለቱም የእጅ አንጓዎቹ ላይ የገመድ ጠባሳ ነበር። እናቱ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ አድንልኝ ብዬ አመጣሁልህ፤ አንተ ግን ዓይኑን ሰቅለህ ላክህብኝ።»

ሕመሙ ከተሻለው በኋላ ልጁን ስለዚያ ሌሊት ጠየቅሁት። «ሁሉንም እሰማ ነበር» አለኝ። «ሲያለቅሱልኝም እሰማ ነበር። አልሞትኩም ልላቸው ፈልጌ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ዓይኔን ላወርድ ስታገል መልሶ ወደ ላይ ይጎትተኛል።»

ያ ቤተሰብ አላዋቂ ነበር ብሎ የሚፈርድ ቢኖር አልስማማም። በእጃቸው በነበረው መረጃ በትክክል አስበዋል፦ መርፌ ተወጋ፣ ዓይኑ ተሰቀለ፤ መርፌውን ተወ፣ ዓይኑ ዳግመኛ አልተሰቀለም። የጎደላቸው እኔ ልነግራቸው ይገባኝ የነበረው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። መድኃኒቱን ሰጥቼ ቃሉን ነፈግኋቸው።

ምንነቱ

በሕክምና ቋንቋ ይህ ክስተት «ኦኩሎጃይሪክ ክራይሲስ» ይባላል። ዲስቶኒያ ከሚባሉት፣ ጡንቻ ያለ ፈቃድ ተኮማትሮ የሚቀርባቸው ችግሮች አንዱ ነው። ሁለቱም ዓይኖች በአንድነት፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ፣ አልፎ አልፎም ወደ ጎን ይሳባሉ። ታማሚው ለአፍታ ሊያወርዳቸው ይችል ይሆናል፤ ወዲያው ግን ተመልሰው ይሰቀላሉ። አንገት መቆልመም፣ መንጋጋ መቆለፍ፣ ምላስ መውጣት ሊከተሉ ይችላሉ። ለደቂቃዎች ወይም ለሰዓታት ይቆያል፤ ሳይታከም ራሱ የሚለቅበትም ጊዜ አለ። ብርቱ ፍርሃት አብሮት ይመጣል፤ በአንዳንዶችም ላይ ጋብ ብሎ የነበረው ድምፅ ለጊዜው ይመለሳል።

ወሳኙ ነጥብ የሚጀምርበት ጊዜ ነው። መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከጨመረ በኋላ ይህን መሰል ድንገተኛ ዲስቶኒያ ከሚገጥማቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ላይ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት፣ 90 በመቶ ገደማ ላይ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ውስጥ ይታያል። ይህን ቁጥር ከመንገዳችን ጋር አስተያዩት። ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ ደባርቅ ለመድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ወዲያ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚገባው ሰው ገና በበቅሎ ወይም በእግሩ የሚሄደው መንገድ ይቀረዋል። መርፌው ጎንደር ላይ ይወጋል፤ ዓይኑ የሚሰቀለው ደጋው ላይ ነው። እኛ ሐኪሞች ችግሩን እምብዛም የማናየው ጥቂት ስለሆነ ሳይሆን፣ እኛ በሌለንበት ስለሚደርስ ነው።

ማንን ይበልጥ ያገኛል?

ለዚህ ጉዳት ይበልጥ የተጋለጡት ወጣቶች፣ በተለይም ወንዶች፣ ከዚህ ቀደም መድኃኒቱን ቀምሰው የማያውቁ፣ እንደ ሃሎፔሪዶልና ፍሉፌናዚን ያሉ ኃይለኛ መድኃኒቶችን በከፍተኛ መጠን የጀመሩ ሰዎች ናቸው። አንድ ጊዜ የያዘው ሰውም ዳግመኛ ሊይዘው ይችላል።

አሁን የእኛን አገር ታማሚ አስቡ። በቡታጅራ ገጠር በተካሄደው ታላቅ ጥናት ከ68 ሺህ በላይ ጎልማሶች ተጠይቀው፣ ከሺህ ሰው ወደ አምስት የሚጠጉት ስኪዞፍሬኒያ በሕይወት ዘመናቸው እንደያዛቸው ታውቋል። ከእነዚህ የሚበዙት ወንዶች ነበሩ፤ አብዛኞቹም ከዚያ በፊት ምንም ዓይነት ዘመናዊ ሕክምና አላገኙም። ወጣት፣ ወንድ፣ ለመድኃኒቱ አዲስ፤ በጤና ጣቢያ ደግሞ በቅርብ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ሃሎፔሪዶል ነው። የተጋላጮችን ዝርዝር ያወጣ ሰው የእኛን ታማሚ አይቶ የጻፈው ይመስላል።

ለምን ይከሰታል?

ነገሩን ቀለል አድርጌ ልግለጸው። በአእምሯችን ጥልቅ ክፍል ቤዛል ጋንግሊያ የሚባሉ የነርቭ ህዋሳት ክምችቶች አሉ። ሥራቸው ከብዙ እንቅስቃሴዎች መካከል የተፈለገውን መልቀቅ፣ ያልተፈለገውን መያዝ ነው። ይህን የሚያደርጉት ዶፓሚንና አሴቲልኮሊን የተባሉ ሁለት ኬሚካሎች እንደ ሚዛን ሳህኖች ተመጣጥነው ሲቆሙ ነው። ሃሎፔሪዶልና ዘመዶቹ የዶፓሚንን መቀበያ ይዘጋሉ። ያኔ የዶፓሚን ሳህን ይቀላል፤ የአሴቲልኮሊን ሳህን ይከብዳል፤ መያዝ የነበረበት እንቅስቃሴ ይለቀቃል። የዓይን፣ የአንገትና የመንጋጋ ጡንቻዎች ያለ ትእዛዝ ይኮማተራሉ።

ያው የዶፓሚን መዘጋት ግን በሌላው የአእምሮ ክፍል የሚሰማውን ድምፅ ጸጥ የሚያደርገው ፈውስ ነው። በአእምሮ ምስል የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ከመቀበያዎቹ 65 በመቶ ያህሉ ሲያዙ ሕመሙ መርገብ ይጀምራል፤ 78 በመቶ ገደማ ካለፈ ግን የእንቅስቃሴ ችግሩ ይበረታል። በፈውሱና በጉዳቱ መካከል ያለው መተላለፊያ ጠባብ ነው። «በዝቶ ቢሰጠው ቶሎ ይድናል» የሚለው አሳብ የማያዋጣው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም የሃሎፔሪዶልን ክኒን በቀን ከ1.5 እስከ 3 ሚሊ ግራም ጀምሩ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጉዳቱ ከመንፈስ ጋር አለመያያዙን የሚያሳዩ ሁለት ማስረጃዎች ላክል። የመጀመሪያው ከታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 ኮንስታንቲን ፎን ኢኮኖሞ የተባለ የቪየና ሐኪም እንቅልፍ የሚያመጣ የአእምሮ ብግነት ወረርሽኝን ገለጸ። ከሕመሙ ከተረፉት ብዙዎቹ ቆይተው ዓይናቸው ወደ ላይ ይሰቀል ጀመር። ክሎርፕሮማዚን የተቀመመው በ1950፣ ሃሎፔሪዶል የተገኘው በ1958 ነው። ስለዚህ የዓይን መሰቀል መድኃኒቶቹ ሳይኖሩ ይታወቅ ነበር፤ በሽታው የጎዳውም መድኃኒቶቹ የሚነኩትን ያንኑ የአእምሮ መስመር ነው።

ሁለተኛው ከዕለት ተዕለት ሕይወታችን ነው። ሜቶክሎፕራማይድ፣ ብዙዎቻችሁ ፕላሲል በሚለው ስሙ የምታውቁት የማስታወክ ማስታገሻ፣ ያንኑ የዶፓሚን መቀበያ ይዘጋል። ምንም የአእምሮ ሕመም የሌለበት ሕፃን ወይም ወጣት ሴት ለማስታወክ ፕላሲል ተሰጥቷቸው ዓይናቸው ሊሰቀል፣ አንገታቸው ሊቆለመም ይችላል። ስለዚህ ከድንገተኛ ክፍል ሳትወጡም ልታዩት ትችላላችሁ።

ከምን ይለያል?

በጤና ጣቢያ ያላችሁ ባልደረቦቼ፣ ይህን ክስተት ከሦስት ነገሮች ለዩት።

አንደኛ፣ ከሚጥል በሽታ። በብዙ የሚጥል ሕመም ዓይነቶች ሰውዬው ራሱን ይስታል፤ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፤ በጥቂት ደቂቃ ይቆማል፤ በኋላም የሆነውን አያስታውስም። በዚህኛው ግን ይሰማል፤ ያውቃል፤ ያስታውሳል። «ከሰማኸኝ እጄን ጨብጥ» በሉት፤ ይጨብጣችኋል።

ሁለተኛ፣ ከመንጋጋ ቆልፍና ከማጅራት ገትር። ትኩሳት፣ ቁስል፣ በድምፅና በብርሃን የሚባባስ መኮማተር ካለ አሳባችሁ ወደዚያ ይሂድ።

ሦስተኛ፣ ከማስመሰል። ችግሩ መጣ ሄደት ስለሚል፣ ታማሚውም ለአፍታ ዓይኑን ሊያወርድ ስለሚችል፣ «ሆን ብሎ ነው» የሚል ባለሙያ አይጠፋም። ይህ ለታማሚው ከሕመሙ የባሰ ስድብ ነው።

ከሁሉም በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «በዚህ ሳምንት ምን መድኃኒት ወሰደ? መርፌስ ተወግቷል?» ብዙ ጊዜ ምርመራው እዚህ ላይ ያልቃል።

ሕክምናው

የተዛባውን ሚዛን ለመመለስ የከበደውን የአሴቲልኮሊን ሳህን እናቀልላለን። በእኛ አገር በቅርብ ከሚገኙት አንዱ ፕሮሜታዚን ነው፤ ለአዋቂ ከ25 እስከ 50 ሚሊ ግራም በጡንቻ ይሰጣል። እርሱ ከሌለ ዳያዚፓምም ይረዳል። ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ዓይኑ ይወርዳል። በዚያ ቅጽበት ቤተሰቡን ወደ ክፍሉ አስገቡ። በዓይናቸው ሲያዩት፣ መድኃኒት ያመጣውን መድኃኒት እንደሚመልሰው ከማንኛውም ንግግር በላይ ይገባቸዋል።

ሥራው ግን በዚህ አያበቃም። ሃሎፔሪዶል በሰውነት ውስጥ ከማርከሻው ይልቅ ይቆያል፤ ስለዚህ ዓይኑ በማግስቱ ዳግመኛ ሊሰቀል ይችላል። ለጥቂት ቀናት አርቴን የሚባለውን የትራይሄክሲፌኒዲል ክኒን ማስያዝ፣ የሃሎፔሪዶሉን መጠን መቀነስ ወይም ታማሚውን እንደ ኦላንዛፒን ወዳለ መድኃኒት ማዛወር ያስፈልጋል። ሕክምናውን ጨርሶ ማቋረጥ መፍትሔ አይደለም። አርቴንንም ለሁሉም ሰው፣ ለሁልጊዜ ማዘዝ አይገባም፤ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ይከለክላል፣ በተለይ በአረጋውያን ላይ ማስታወስን ያውካል፤ ለስካር ሲሉ የሚፈልጉትም አሉ።

ሁለት ምልክቶች ግን ለነገ አይባሉም። የመተንፈስ ችግር ወይም የሚያፏጭ ትንፋሽ ካለ የጉሮሮ ጡንቻ ተይዞ ይሆናል። ከፍተኛ ትኩሳት፣ እንደ እንጨት የደረቀ ሰውነትና መቃዠት አንድ ላይ ከመጡ ደግሞ ሕይወት የሚያሳጣ ሌላ የመድኃኒቱ ጉዳት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይላኩ።

ደጋው ላይ የሚጠብቀን ቋንቋ

ሰውነት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሲንቀሳቀስ ለመናገር ጎንደር ከሕክምናው ብዙ ቀድሞ ቃል አለው፤ ዛር፣ ቡዳ፣ ልክፍት። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 እዚሁ ከተማ ተቀምጦ የዛርን ሥርዓት አጥንቷል፤ መጽሐፉንም በ1958 አሳትሟል። በዚያው ዓመት ቤልጅየም ውስጥ ሃሎፔሪዶል ተገኘ። ሁለቱ መንገድ ለመንገድ አይተዋወቁም ነበር፤ ዛሬ ግን በአንድ ጎጆ ውስጥ፣ በአንድ ልጅ ዓይን ላይ ይገናኛሉ። እኛ ዝም ካልን የቆየው ቃል ክፍተቱን ይሞላዋል። ጥፋቱ የቃሉ አይደለም፤ የዝምታችን ነው።

ይህ ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲቋቋም አንዱ መነሻ በደንቢያ የወረደው የወባ እልቂት ነበር። መሥራቾቹ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን በአንድ ቡድን አሠልጥነው ወደ ገጠር ላኩ፤ ሕመሙ ባለበት ዕውቀቱም ይገኝ ብለው ነበር። በአገራችን የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ገና ስለሆነ፣ የዚህ ሕክምና ሸክም ዛሬም በአብዛኛው በነርሶችና በጤና መኮንኖች ትከሻ ላይ ነው። ያ የጥንቱ አሳብ ለዚህም ጉዳይ ይሠራል።

ከዚያ ልጅ ወዲህ ሃሎፔሪዶል የማስጀምረውን ሰው ቤተሰብ አራት ነገር ሳልነግር አልሸኝም።

«በዚህ ሳምንት ውስጥ ዓይኑ ወደ ላይ ሊሰቀል፣ አንገቱ ሊቆለመም ይችላል። ቢሆን እየሰማችሁ ነውና አታልቅሱበት፤ እጁን ይዛችሁ አይዞህ በሉት። የመድኃኒት ካርዱን ይዛችሁ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ መርፌ አለው። ክኒኑን ግን ሳታማክሩኝ አትጣሉ።»

ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያም መልሰው እንዲነግሩኝ እጠይቃቸዋለሁ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ይህንን ነው።

ከተሰብሳቢው የቀረቡ ጥያቄዎች

አንድ አባት፦ ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ይዞ መጠመቅ ይችላልን?

መልስ፦ ይችላል፣ አባቴ። ጠበልና ክኒን በአንድ ሰው ላይ አይጣሉም። የሚጾም ከሆነ ሃሎፔሪዶልን በቀን አንድ ጊዜ ማታ እንዲወስድ ማድረግ ይቻላል። እኔም አንድ ልመና አለኝ፦ ዓይኑ የተሰቀለ ሰው ወደ ጠበሉ ሲመጣ «መድኃኒት ጀምሯል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁልን። እናንተ «ክኒኑን አትተው» ብትሉት ከእኛ ይልቅ ይሰማችኋል።

አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፦ እኛ ቀበሌ መርፌው የለም፤ ጤና ጣቢያውም የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ጥያቄሽ ለእኛ ለሐኪሞች ነው የሚገባው። ከሩቅ የሚመጣና ተጋላጭ የሆነ ታማሚ ሲሸኝ ጥቂት የአርቴን ክኒኖችን አጠቃቀሙን አስረድተን ልናስይዘው ይገባል። መዋጥ ከቻለ እንደታዘዘለት ይወስዳል፤ መዋጥ ካቃተው ግን በአፉ ምንም አትስጡት። አትሰሩት፤ አንገቱንም በኃይል አታቃኑት። እስኪደርስ ድረስ የምትሰጪው ትልቁ ሕክምና ግን በጆሮው የምትነግሪው ነው፦ «ይህ የመድኃኒቱ ነው፤ ያልፋል።» ይሰማሻልና።